አገሯ በር ዘጋችባት፤ ሥዕሏ ግን ገባ

ኤልሳቤጥ ካትሌት በሜክሲኮ የሠራቻቸው የኅትመት ሥዕሎችና ስደተኛን የሚከተል አንድ ጥያቄ

ከአገራችን ርቀን የምንኖር ሰዎች ደጋግመን የምንሰማት አንዲት ጥያቄ አለች። «እናንተ ከሩቅ ሆናችሁ ስለ እኛ የምትናገሩት በየትኛው አፋችሁ ነው?» የምትል ጥያቄ ናት። ይህቺ ጥያቄ ከገዥዎች አፍ ስትወጣ መልስ አናጣላትም። አገር ቤት ከቀረ ወንድም ወይም እህት ስትመጣ ግን አንገት ታስደፋለች። ኑሮው የሚቆረቁረው እሱን ነው፤ እስር ቤቱም ወረፋውም የሚያገኘው እሱን ነው። እኛ ደግሞ ማታ ሥራ ውለን ገብተን በሞቀ ቤት ውስጥ ስለ እሱ እንጽፋለን። ታዲያ ከሩቅ ያለ ሰው ስለ ወገኑ የሚናገረው ምን ይዞ ነው?

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ ይህቺን ጥያቄ ከስልሳ ዓመታት በላይ በቢላና በቀለም ስትመልስ የኖረች የአንዲት ሠዓሊ ታሪክ ነው። ስሟ ኤልሳቤጥ ካትሌት ይባላል። አሜሪካዊት ናት። ብዙዎቻችን ጥገኝነት ጠይቀን ከገባንበት አገር እሷ ወጥታ ሜክሲኮ ገባች፤ ዘጠኝ ዓመት ያህልም ወደ ተወለደችበት አገር እንዳትገባ ተከለከለች። በእነዚያ ዓመታት የእሷ እግር ያልረገጠበትን የአሜሪካ ምድር የረገጡት ሥዕሎቿ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአገር ውስጥ ያለ ስደት

ካትሌት የተወለደችው በኤፕሪል 1915 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። አያቶቿ በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። አባቷ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ እሷ ከመወለዷ በፊት ስለ ሞቱ እናቷ ናቸው ሠርተው ያሳደጓት። ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሰች ፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው የካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም የመግቢያ ፈተና ተፈትና አለፈች። ጥቁር መሆኗ ሲታወቅ ግን አንቀበልም ተባለች። ተቋሙ፣ ዛሬ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ማለት ነው፣ በ2008 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷታል። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ዘጠና ሦስት ደርሶ ነበር።

ካርኔጊ በሩን ሲዘጋባት እዚያው በተወለደችበት ከተማ ወዳለው የጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከመምህሮቿ አንዷ ሎይስ ሜይሉ ጆንስ ነበረች። ጆንስ በ1932፣ «የኢትዮጵያ መነሣት» ልንለው የምንችለውን ታዋቂ ሥዕሏን ሠርታለች። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የሚለው ስም ለጥቁር አሜሪካውያን የነጻነት ሌላ መጠሪያ ነበረና የካትሌት መምህር ስለ አገራችን መሳሏ ሊያስገርመን አይገባም። ከአርባ ዓመታት በኋላ ደግሞ የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ከ1972 እስከ 2001 ያስተማረው እዚያው ነው፤ በ2003 በስደት ያረፈውም በዚያችው ከተማ በዋሽንግተን ነው። ከአገሯ የወጣች ሠዓሊ የተማረችበት ቤት፣ ከአገሩ የወጣ ሠዓሊ የሚያስተምርበት ቤት ሆነ ማለት ነው።

ካትሌት በ1935 ከሐዋርድ ተመርቃ በሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ አስተማሪ ሆነች። እዚያም ጥቁር መምህራን ከነጮቹ ጋር እኩል ደመወዝ እንዲከፈላቸው በተደረገው ትግል ተካፈለች። ቀጥላ ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ዩኒቨርሲቲው በትምህርት ክፍሉ ቢቀበላትም በማደሪያው አልተቀበላትም፤ ጥቁር ተማሪ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት እንዲያድር አይፈቀድለትም ነበር። (በ2017 ዩኒቨርሲቲው አንድ ትልቅ የተማሪዎች ማደሪያ ከፍቶ በስሟ ሰይሞታል።) እዚያ ያስተማራት ግራንት ዉድ የተባለው ስመ ጥር ሠዓሊ «የምታውቂውን ነገር ሥሪ» የሚል ምክር ሰጣት። የምታውቀው ምን ነበር? ጥቁር ሴት መሆንን ነው። በ1940 በሥነ ጥበብ የማስተርስ ዲግሪ ስትቀበል ዩኒቨርሲቲው በዚህ ዘርፍ ካስመረቃቸው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት ከድንጋይ የቀረጸችው የእናትና ልጅ ሐውልት ቺካጎ ላይ በተዘጋጀ የጥቁሮች ትልቅ ኤግዚቢሽን አንደኛ ወጣ።

ከዚያ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኒው ኦርሊንስ ወርዳ በዲላርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍል ኃላፊ ሆነች። የፒካሶ ሥዕሎች ለትርኢት ወደዚያች ከተማ በመጡ ጊዜ ተማሪዎቿን ልታሳያቸው ፈለገች። ችግሩ ሙዚየሙ የቆመው ጥቁር ሰው እንዳይገባበት በተከለከለ መናፈሻ ውስጥ መሆኑ ነበር። ካትሌት ሙዚየሙ ለሕዝብ ዝግ በሆነበት ቀን እንዲከፈትላት አስፈቀደች፤ ተማሪዎቹን በአውቶቡስ እስከ ደጃፉ አድርሳ አስገባቻቸው። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ሙዚየም ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ስደት ድንበር ከተሻገሩ በኋላ ብቻ የሚጀምር ነገር ሆኖ ይታየናል። ካትሌት ግን የአገሯን መሬት ሳትለቅ በፊት ከትምህርት ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቱና ከመናፈሻው ተሰዳ ነበር። ሜክሲኮ ስትገባ ይዛው የሄደችውም ይህንኑ ነው።

የወለል ምንጣፍና ቢላ

በ1940ዎቹ አጋማሽ ካትሌት ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ለሠራተኛው ሕዝብ በተከፈተ የማታ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ተማሪዎቿ ቀን የሰው ቤት ሲያጸዱና ልብስ ሲያጥቡ የሚውሉ ሴቶች ናቸው። ቅርጻ ቅርጽም ልብስ ስፌትም አስተማረቻቸው። በ1945 ሮዘንዋልድ የተባለው ድርጅት ስለ ጥቁር ሴቶች ተከታታይ ሥዕል እንድትሠራ የገንዘብ ድጋፍ ሰጣት፤ ይሁን እንጂ በትምህርት ቤቱ ሥራ ተጠምዳ ሳትሠራው ዓመቱ አለቀ። ድጋፉ ሲታደስላት በ1946 ወደ ሜክሲኮ ሄደች። የሄደችው ሥራዋን ጨርሳ ልትመለስ ነበር።

ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ያገኘችው ቤት ሐሳቧን አስለወጣት። «ታዬር ዴ ግራፊካ ፖፑላር» ይባላል፤ በእኛ አፍ «የሕዝብ የሥዕል ማተሚያ ቤት» ብንለው ያስኬዳል። ሊዮፖልዶ ሜንዴዝ፣ ፓብሎ ኦሂጊንስና ሉዊስ አሬናል የተባሉ ሠዓሊያን በ1937 ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ቤት ነው። እዚያ የሚታተሙት ሥዕሎች ለሀብታም ሳሎን የሚሆኑ አልነበሩም። ለሠራተኛ ማኅበራት፣ ለመሃይምነት ማጥፊያ ዘመቻ፣ ለገበሬዎች ጥያቄ፣ በፋሺዝም ላይ ለሚደረግ ትግል የሚውሉ ናቸው። በርካሽ ወረቀት ይታተሙና ሌሊት በየግድግዳው ይለጠፋሉ። ማንበብ የማይችለው ሰው ሥዕሉን አይቶ ነገሩን ይረዳል።

አንባቢ የሥራውን ጠባይ እንዲረዳው ጥቂት እናብራራ። ካትሌት በብዛት የሠራችበት ዘዴ ሊኖከት ይባላል። ሊኖሊየም ለወለል የሚነጠፍ ርካሽ ነገር ነው። ሠዓሊዋ በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ንድፏን ትሠራለች። ንድፉ ወደ ሊኖሊየሙ ይገለበጣል፤ ሲታተም ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ስለሚሆን ፊደል እንኳ ካለበት ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው ሁሉ በትንሽ ስለታም መሣሪያ እየተፋቀ ይወጣል። ከፍ ብሎ የቀረው ቦታ በተሽከርካሪ ዱላ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይደረብበትና ይጫናል። የመሥሪያ ቤት ማኅተም የሚሠራበት ዘዴ ማለት ነው። አንዱ ሊኖሊየም በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ያወጣል። አንድ የዘይት ቅብ ሥዕል የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ እንዲህ ያለው ኅትመት ግን እንደ ጋዜጣ ለብዙ ሰው ይደርሳል።

በቤቱ ውስጥ ሌላም ሕግ ነበር። አባላቱ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ሥራቸውን በጓደኞቻቸው ፊት ያስቀምጣሉ። ንድፉ ይተቻል። «ይህ እጅ የሠራተኛ እጅ አይመስልም»፣ «ይህን ገበሬ ቢያየው አይገባውም» የሚል አስተያየት የሚሰጥበት መድረክ ነው። የተተቸው ሰው ተመልሶ ይሠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። በየከተማው ማኅበር እያቋቋምን፣ ማኅበሩን ለሁለት እየከፈልን ለኖርን ለእኛ ይህ የኅብረት ትችት ጠባይ ከሥዕሎቹ ያላነሰ ትምህርት ይሰጠናል።

አሥራ አምስቱ ሥዕሎች

በ1946 እና በ1947 ካትሌት በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት አሥራ አምስት የሊኖከት ሥዕሎች ሠራች። መጠናቸው ከደብተር ገጽ እምብዛም አይበልጥም። እያንዳንዱ ሥዕል «እኔ» የምትል ሴት የምትናገረው አጭር ርእስ አለው፤ ርእሶቹ በተራ ሲነበቡ አንዲት ሴት ቆማ የራሷንና የእናቶቿን ታሪክ የምትመሰክር ይመስላል።

የመጀመሪያው የአንዲት ጥቁር ሴት ፊት ብቻ ነው። ከዚያ ሥራው ይመጣል፤ እርሻ ላይ የምትለፋ ሴት፣ በሰው ቤት መጥረጊያ ይዛ የቆመች ሴት። ከዚያ ታሪክ ይከተላል። ሶጆርነር ትሩዝ እጇን አንሥታ ትናገራለች። ሃሪየት ተብማን ረጅም ክንዷን ዘርግታ ከባርነት ለሚያመልጡት ሰዎች መንገድ ታሳያለች፤ ክንዱ ከሰውነቷ ጋር ሲመዛዘን ከልኩ በላይ ረዝሟል፤ ሥዕሉን ያየ ሰው ግን ከዚያ ያነሰ ክንድ አይበቃም ይላል። ባሪያ ሆና ግጥም የጻፈችው ፊሊስ ዊትሊ ብዕር ይዛ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ደግሞ በሰንሰለት የታሰሩ ሴቶች አሉ።

ተከታታዩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ሥዕሎቹ ይከብዳሉ። በአውቶቡስ ውስጥ «ለጥቁሮች ብቻ» ከሚል ምልክት ኋላ የተቀመጡ ሴቶች እናያለን። ከዚያ ደግሞ በአንገቱ ገመድ የገባ ጥቁር ሰው መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ከበላዩ የሚታየው የሰዎች እግር ብቻ ነው። ካትሌት ለዚህ ሥዕል የሰጠችው ርእስ ስለ ሟቹ አይናገርም፤ ለወዳጆቿ ስለምትፈራው ሴት ይናገራል። ግድያውን የምናየው በቤት ቀርታ በምትጠብቀው ሴት ዓይን ነው ማለት ነው። ልጁ ወይም ባሏ በሌሊት ተወስዶባት ደጅ ደጁን ስታይ ያደረች እናት ባለችበት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ሥዕል ለመረዳት የአሜሪካን ታሪክ ማጥናት አያስፈልገንም። የመጨረሻው ሥዕል እንደገና ፊት ነው፤ ወደ ላይ ቀና ያለች ሴት ከሌሎች አሜሪካውያን ጋር እኩል የምትሆንበትን ዘመን መብቴ ነው ትላለች።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከአሥራ አምስቱ ሥዕሎች አንዱም ስለ ሜክሲኮ አይናገርም። የተቀረጹት ሜክሲኮ ሲቲ፣ በሜክሲኮ ሠዓሊያን መካከል፣ ከሜክሲኮ በተማረችው ዘዴ ነው፤ ልባቸው ግን ሃርለምና ደርሃም ነው። ቤቷ ውስጥ ሆና፣ ሥራ ሲያባክናት፣ መሥራት ያልቻለችውን ከሩቅ ሆና ሠራችው። በ1947 መጨረሻ ሥዕሎቹ ዋሽንግተን ውስጥ ባርኔት ኤደን በተባለው ጋለሪ ታዩ። ወረቀቱ ከሠዓሊዋ ቀድሞ አገሩ ገባ።

እኩል አራሿ

ካትሌት በ1947 የማተሚያ ቤቱ አባል የሆነውን ፍራንሲስኮ ሞራን አገባች። ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። እስከ 1966 ድረስም በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሠራች። ከሥዕሎቿ ሁሉ ዝናው ገንኖ የወጣው በ1952 የቀረጸችው ነው። የእንግሊዝኛው ርእስ የሌላ ሰው መሬት አርሶ ምርቱን የሚያካፍል ገበሬ ማለት ነው። ለዚህ እኛ ቃል አናጣም፤ እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ፣ ጢሰኛ እያልን ነው ያደግነው። «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣ ትውልድ ይህቺን ሴት ከሩቅ ያውቃታል።

ሥዕሉ የአንዲት ያረጀች ጥቁር ሴት ምስል ነው። ሰፊ የሣር ባርኔጣ አድርጋለች። ካትሌት ከታች ወደ ላይ አድርጋ ስላሳየቻት ተመልካቹ አንጋጦ ነው የሚያያት፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሳሉት ነገሥታት ናቸው። ጃኬቷ ቁልፍ የለውም፤ የተያያዘው በመርፌ ቁልፍ ነው። ፊቷና አንገቷ ላይ ያሉት መስመሮች በቢላ የተፋቁ ናቸው፤ ፀሐይና ድካም በሰው ፊት ላይ የሚጽፉትን መሣሪያው በሊኖሊየሙ ላይ ጽፎታል። ዓይኗ እኛን አያይም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ሩቅ ያያል። ድህነቷን ያቺ መርፌ ቁልፍ ነግራናለች፤ ከዚያ ወዲያ ሠዓሊዋ ሐዘኔታ አልለመነችላትም።

ይህ ሥዕል በኋላ በቀለምም እየተደረገ በተደጋጋሚ ታትሟል፤ ኒውዮርክ ያለውን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ጨምሮ በብዙ የአሜሪካ ሙዚየሞች ይገኛል። ካትሌት ሥዕሉን ስትቀርጽ ከአሜሪካ ደቡብ ከወጣች ዓመታት አልፈው ነበር። ከፊቷ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም፤ የቀረጸችው ከትዝታዋ ነው። ለስደተኛ ሰው ትዝታ አደገኛ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ትተነው የወጣነው አገር በልባችን ውስጥ እንዳለ ይቆማል፤ ዋጋው አይጨምርም፣ ልጆቹ አያድጉም። ካትሌትን ከዚህ ያዳናት ሁለት ነገር ይመስለናል። አንደኛው፣ ያቺን ሴት በቅርብ ኖራ ያወቀቻት መሆኗ ነው። ሁለተኛው፣ የተሰደደችበትን አገር ገበሬ ፊት በየዕለቱ ታይ የነበረ መሆኑ ነው። የሜክሲኮዋ ገበሬ ሴትና የደቡብ አሜሪካዋ ጥቁር ሴት በአንድ ፊት ላይ ተገናኙ።

ውለታውም ተመልሷል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የማተሚያ ቤቱ ሜክሲካውያን ሠዓሊያን፣ አብዛኞቹ አሜሪካን በቅጡ የማያውቁ ሰዎች፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ትግል ድጋፍ የታሪክ ጀግኖቻቸውን ምስል ቀርጸው አትመዋል። እሷ የእነሱን ጥያቄ የራሷ ስላደረገች እነሱም የእሷን የራሳቸው አደረጉት።

በሩ ሲዘጋ

ይህ ሁሉ ሲሆን የአሜሪካ መንግሥት ዝም ብሎ አልተመለከተም። ዘመኑ ኮሚኒስት የተባለ ሁሉ የሚታደንበት ነበር። ማተሚያ ቤቱ የኮሚኒስቶች መሸፈኛ ተብሎ ተፈረጀ፤ ሜክሲኮ የሚኖሩ አሜሪካውያንም በኤምባሲያቸው ዓይን ሥር ወደቁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሜክሲኮ የባቡር ሠራተኞች አድማ በመቱ ጊዜ ካትሌት እንደ ውጭ አገር ነገር ቆስቋሽ ተይዛ ታስራ ተፈታች።

የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 የውጭ ዜጋ በአገሪቱ ፖለቲካ እጁን እንዳያስገባ ይከለክላል፤ መንግሥት እንዲህ ያለውን ሰው ከአገር ማስወጣትም ይችላል። ባሏና ልጆቿ ሜክሲካውያን ናቸው። በዚያን ጊዜ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ሴት የቅርጻ ቅርጽ መምህርት ሆና ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ተይዛ ድንበር ላይ ብትጣልስ? በ1962 የሜክሲኮን ዜግነት ወሰደች። አሜሪካም ዜግነቷን ነጠቀቻት፤ «የማይፈለግ የውጭ ዜጋ» የሚል ስም ሰጥታም በሯን ዘጋችባት።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚል ሰው አይጠፋም። የዜግነት ነገር ለእኛም የዋዛ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጣ ደነገገ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያ መጣ። ስንቶቻችን ነን መሐላ በምንፈጽምበት አዳራሽ ውስጥ እጃችንን አንሥተን በውስጣችን የተላቀስነው? ካትሌት ወረቀቷን ስትለውጥ ሕዝቧን አልለወጠችም። ከ1962 በኋላ የመጡት ሥራዎቿ ከበፊቶቹ ይልቅ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ትግል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚናገሩ ናቸው።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በ1963 በተወለደችባት ከተማ ሕዝብ ለመብቱ ሲተም እሷ መግባት አትችልም ነበር። ማልኮም ኤክስ በ1965 ሲገደል፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደል ከድንበር ወዲያ ናት። በ1970 ከሠራቻቸው ሥዕሎች አንዱ ርእሱ ዋትስ፣ ዲትሮይት፣ ዋሽንግተን፣ ሃርለም፣ ኒዋርክ የሚል የከተሞች ስም ብቻ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሕዝብ ተቆጥቶ የተነሣባቸው ከተሞች ናቸው። ያን ጊዜ አንዳቸውንም መርገጥ አይፈቀድላትም። እኛ ሌሊት ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጠን የአገራችንን ከተሞች ስም አንድ በአንድ እንደምንቆጥር እሷም ቆጥራቸዋለች።

ወረቀት ድንበር ሲያልፍ

በ1969 የቀረጸችው የማልኮም ኤክስ ሥዕል የእሱን ፊት በጥቁር ሴቶችና ልጃገረዶች ፊት የተከበበ አድርጎ ያሳያል፤ ርእሱም ማልኮም ስለ እኛ ይናገራል እንደ ማለት ነው። አንጄላ ዴቪስ በ1970 ታስራ ዓለም ስለ እሷ ሲጮኽ ካትሌት በሜክሲኮ የድጋፍ ኮሚቴ ካቋቋሙት ሰዎች አንዷ ሆነች፤ በ1972ም ትፈታ የሚል ሥዕል አተመች። አንጄላ በዚያው ዓመት በፍርድ ቤት ነጻ ወጣች።

በ1970 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥቁሮች ጥበብ ጉባኤ ተጠርቶ ካትሌት እንድትናገር ተጋበዘች። ቪዛ ተከለከለች። ታዲያ ምን አደረገች? በስልክ ተናገረች። አሜሪካ ለጥቁር ሕዝብ አደጋ የሆነችውን ያህል እኔም ለእሷ አደጋ መስዬ ከታየሁ ይህን እንደ ክብር እቆጥረዋለሁ፤ ጥቁር አብዮታዊ ሠዓሊ ነኝ፣ ከነትርጉሙ እቀበለዋለሁ የሚል መልእክት ነበር የሰደደችው። በስልክ ስብሰባ ማካሄድ ለእኛ ለስደተኞች የዕለት ተዕለት ነገር ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው ይህ የሆነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1971፣ በሃርለም ያለው ስቱዲዮ ሙዚየም ሥራዎቿን ብቻ የያዘ ኤግዚቢሽን አዘጋጀላት። ደጋፊዎቿ ሠዓሊዋ ራሷ እንድትገኝ ደብዳቤ እየጻፉ ባለሥልጣናትን ወጠሩ። ቪዛው ተፈቀደ። ሃርለም ስትገባ የጠበቋት ወጣቶች ብዙዎቹ አይተዋት አያውቁም ነበር፤ ሥዕሎቿን ግን ያውቋቸው ነበር።

ዜግነቷ የተመለሰላት በ2002 ነው። ባሏ ፍራንሲስኮ ሞራ ያረፈውም በዚያው ዓመት ነው። አርባ ዓመት ከቆየ በኋላ የተመለሰ ወረቀት ምን ያህል ደስታ እንደሚሰጥ አንባቢ ይፍረደው። እሷ ግን ሥራዋን አላቆመችም፤ በኤፕሪል 2012 ኩዌርናቫካ በሚገኘው ቤቷ በ96 ዓመቷ አረፈች። በ2024 የብሩክሊን ሙዚየም የሕይወት ዘመን ሥራዎቿን ሰብስቦ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፈተ። የኤግዚቢሽኑ ርእስ የተወሰደው ከዚያው በስልክ ካደረገችው ንግግር ነው። በ2025 ኤግዚቢሽኑ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሻገረ። የማትፈለግ ያላት መንግሥት መናገሻ ከተማ፣ እሷም የተወለደችባት ከተማ፣ በትልቁ አዳራሿ ተቀበለቻት። ከዚያም ቺካጎ ቀጠለ።

ለእኛ የቀረልን

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ከሩቅ ያለ ሰው ስለ ወገኑ የሚናገረው ምን ይዞ ነው? የካትሌት ሕይወት ለዚህ ሦስት ነገር ይመልሳል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ የምታውቀውን ይዞ ነው። ከልብ ወለድ ጀግና ይልቅ ጃኬቷን በመርፌ ቁልፍ ያያዘችውን ሴት ቀረጸች። እኛ ስለ «ሕዝቡ» ብዙ እንጽፋለን፤ የሕዝቡን መርፌ ቁልፍ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ሁለተኛ፣ ለትችት ራሱን ሰጥቶ ነው። ንድፏን በጓደኞቿ ፊት አስቀምጣ፣ ተነቅፋ፣ ተመልሳ ትሠራ ነበር። ከሩቅ የሚናገር ሰው የሚሳሳተው አራሚ ሲያጣ ነው። አገር ቤት ያለው ወንድማችን «በየትኛው አፍህ?» ሲለን ማረም ጀምሯል ማለት ነው፤ ጥያቄውን እንደ ስድብ ከመቁጠር እንደዚያ ማተሚያ ቤት ትችት ብንቀበለው ሥራችን ይጠራል።

ሦስተኛ፣ የሚኖርበትን አገር ሕዝብ ሳይንቅ ነው። ካትሌት በሜክሲኮ ላይ ሻንጣዋን ሳትፈታ ልትኖር ትችል ነበር። እሷ ግን የሠራተኞቹን አድማ ደገፈች፣ ልጆቻቸውን አስተማረች፣ ታሰረችላቸው። ይህን በማድረጓ ከሁለት ያጣች አልሆነችም፤ ሁለት ሕዝብ የእኛ ናት ይላታል።

በመጨረሻም ስለ መሣሪያው። ከአሥራ አምስቱ ሥዕሎች አንዱም ከደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም፤ የተሠሩትም ለወለል በሚነጠፍ ነገር ላይ ነው። ሰውን ድንበር ላይ ማቆም ይቻላል፤ ዜግነት መንጠቅ፣ ቪዛ መከልከል ይቻላል። መቶ ቅጂ የታተመ ወረቀት ግን አንዱ ቢቀደድ ሌላው ግድግዳ ላይ ይገኛል። እኛም በየስደት አገራችን የምንሠራው ነገር፣ ጽሑፍም ይሁን ሥዕል ወይም መዝሙር፣ ለእርስ በርሳችን ብቻ ተነግሮ እዚያው እንዳይቀር፣ ቀላልና ለብዙ ሰው የሚዳረስ ሆኖ አገር ቤት ያለችው ያቺ ሴት ስታየው «ይህቺስ እኔ ነኝ» እንድትል አድርገን እንሥራው።